የፍላሽ ሲንክ ፍጥነትን መሠረት በማድረግ በአነስተኛ ዋጋ የሜዲየም ፎርማት ፊልም ካሜራ አመራረጥ

«በቅናሽ ያገኘሁት የሜዲየም ፎርማት ካሜራ የፍላሽ ሲንክ ፍጥነቱ 1/30 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» የሚል ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሜዲየም ፎርማት የሚባለው ከ35 ሚሊ ሜትር የሰፋውን 120 የተባለ ፊልም የሚጠቀም ካሜራ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው በዲጂታል ካሜራ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ የለመዱ በመሆናቸው ቁጥሩ ያስደነግጣቸዋል። መልሱን የሚወስነው ግን ካሜራው ብቻ አይደለም፤ ፎቶ በሚያነሱበት ቦታ ከፍላሹ ውጭ ምን ያህል ብርሃን እንዳለም ጭምር ነው። በጨለመ ስቱዲዮ ውስጥ 1/30 ሰከንድ ምንም አያጎድልብዎትም፤ በቀትር ፀሐይ ግን ያው ካሜራ ፍላሽዎን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይከተሉ።

የፍላሽ ሲንክ ፍጥነት የሚባለው ፍላሹ በሚበራበት ቅጽበት የፊልሙ ፍሬም በሙሉ ለብርሃን ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ከፍተኛው የሻተር ፍጥነት ነው፤ ሻተር ተከፍቶና ተዘግቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ከሄዱ ፍላሹ የሚደርሰው ለፍሬሙ ከፊል ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኃይሉ በእጅ የሚስተካከልና ጋይድ ነምበሩ (የፍላሹን ጥንካሬ የሚገልጸው ቁጥር) የሚታወቅ ፍላሽ
- ፍላሹን ከካሜራው ጋር የሚያገናኝ የሲንክ ገመድ ወይም የሬዲዮ ትሪገር
- የብርሃን መለኪያ፤ የፍላሽ ብርሃንንም የሚለካ ከሆነ ይመረጣል
- ለካሜራው የሚሆን አዲስ ባትሪ፣ ካሜራው ባትሪ የሚፈልግ ከሆነ
- ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት፣ ለምሳሌ ትሬሲንግ ፔፐር
- የእጅ ባትሪ፣ መልቲሜትርና ትራይፖድ
- አንድ ጥቅል 120 ፊልምና የማስታወሻ ደብተር

ደረጃ 1፦ ፍላሹ የት እንደሚበራ ይወስኑ

ሥራዎ በሦስት ዓይነት ሊመደብ ይችላል። አንደኛው ፍላሹ ብቸኛ የብርሃን ምንጭ የሚሆንበት የስቱዲዮ ሥራ ነው። ሁለተኛው የቤት ውስጥ መብራት ከፍላሹ ጋር ተቀላቅሎ እንዲታይ የሚፈለግበት ነው። ሦስተኛው በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ፣ ፊት ላይ የወደቀውን ጥላ በፍላሽ ለማለዘብ ወይም ከኋላ ያለውን ሰማይ ለማጨለም የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህ ውሳኔ መቅደም ያለበት አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያልፍበት የሌንሱ ቀዳዳ) የፍላሹንም የአካባቢውንም ብርሃን እኩል ሲቆጣጠር፣ ሻተሩ የሚቆጣጠረው ግን የአካባቢውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ነው። የፍላሹ ብልጭታ በጣም አጭር ስለሆነ ሻተሩ 1/30 ሰከንድም ይሁን 1/500 ሰከንድ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው የፍላሽ ብርሃን አንድ ነው። የአካባቢ ብርሃን በሌለበት ቦታ ፈጣን ሲንክ የሚጨምርልዎት ነገር የለም፤ ፀሐይ ባለችበት ግን ፀሐይዋን እየቀነሱ ፍላሹን ሳይነኩ የሚያቆዩበት መሣሪያ የሻተሩ ፍጥነት ነው።

የስቱዲዮዎ ጨለማ በቂ መሆኑን ለማረጋገጥ ፍላሹን አጥፍተው በሲንክ ፍጥነቱ የአካባቢውን ብርሃን ይለኩ። ለምሳሌ ፎቶውን በኤፍ 8 (የአፐርቸሩ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) የሚያነሱ ከሆነና መለኪያው በ1/30 ሰከንድ ኤፍ 1.4 ካሳየ፣ ልዩነቱ አምስት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት ደረጃ ነው) ስለሆነ የክፍሉ መብራት ፊልሙ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከሁለት ስቶፕ በታች ከሆነ ግን የሚንቀሳቀስ ሰው በስለታማው ምስል ዙሪያ የደበዘዘ ጥላ ይፈጥራል፤ በዚህ ጊዜ መጋረጃ መዝጋት ወይም መብራት ማጥፋት ይኖርብዎታል።

ደረጃ 2፦ ለቀን ብርሃን ሥራ ስሌቱን ይሥሩ

ፍላሹን ከቤት ውጭ የማይጠቀሙ ከሆነ ይህን ደረጃ ይዝለሉት። የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ግዢዎን የሚወስነው ይህ ስሌት ስለሆነ ወረቀት ላይ ቢሠሩት እመክራለሁ።

በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 ፊልም፣ ኤፍ 16 ላይ 1/125 ሰከንድ ገደማ ትክክለኛ ኤክስፖዠር ይሰጣል። ሻተሩን በአንድ ስቶፕ ባዘገዩ ቁጥር አፐርቸሩን በአንድ ስቶፕ ማጥበብ ግድ ይሆንብዎታል። ፍላሹ የሚደርስበትን ርቀት ደግሞ በሜትር የተሰጠውን ጋይድ ነምበር በአፐርቸሩ ቁጥር አካፍለው ያገኙታል። በአይኤስኦ 100 ጋይድ ነምበሩ 40 የሆነ ፍላሽ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ከፀሐይዋ ጋር እኩል ብርሃን የሚሰጥበት ርቀት እንደሚከተለው ይሆናል።

- በ1/30 ሰከንድ አፐርቸሩ ኤፍ 32፣ ርቀቱ 1.25 ሜትር
- በ1/60 ሰከንድ አፐርቸሩ ኤፍ 22፣ ርቀቱ 1.8 ሜትር ገደማ
- በ1/125 ሰከንድ አፐርቸሩ ኤፍ 16፣ ርቀቱ 2.5 ሜትር
- በ1/500 ሰከንድ አፐርቸሩ ኤፍ 8፣ ርቀቱ 5 ሜትር

በ1/30 እና በ1/500 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት አራት ስቶፕ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከአንድ ርቀት ላይ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት በ1/30 ሰከንድ የሚሠራው ሰው 16 እጥፍ የፍላሽ ኃይል ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ በብዙ ሌንሶች ላይ አፐርቸሩ ከኤፍ 22 በታች ስለማይጠብ ኤፍ 32ን ጨርሶ ላያገኙት ይችላሉ። ጥላን ለማለዘብ ብቻ ከሆነ ፍላሹ ከፀሐይዋ በሁለት ስቶፕ ቢያንስም ስለሚበቃ ርቀቶቹ በእጥፍ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ፍላሹን በጃንጥላ ወይም በሶፍትቦክስ ካለሰለሱት ከዚያ ላይ ቢያንስ አንድ ስቶፕ እንደሚያጡ ያስቡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ላስረዳ። ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ ተገጥሞ ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) መግጠም ወይም ዝግተኛ ፊልም መምረጥ የሲንክ ፍጥነትን ችግር አይፈታም። ሁለቱም የፀሐይዋንና የፍላሹን ብርሃን በእኩል መጠን ስለሚቀንሱ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን እንደነበረ ይቆያል። ፊልተሩ አፐርቸሩን እንዲከፍቱና ከኋላ ያለውን እንዲያደበዝዙ ያስችልዎታል፤ ከፍላሹ የሚጠየቀው ኃይል ግን በኤፍ 32 ከሚጠየቀው አይቀንስም። ሚዛኑን የሚለውጡት ፈጣን ሲንክ፣ የበለጠ ኃይል ያለው ፍላሽ፣ ፍላሹን ማቅረብ ወይም ሰውየውን ወደ ጥላ ማስገባት ብቻ ናቸው።

ደረጃ 3፦ የካሜራውን ሻተር ዓይነት ይለዩ

የሜዲየም ፎርማት ካሜራዎች ሻተር በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከፊልሙ ፊት ለፊት በሚሮጡ ሁለት መጋረጃዎች የሚሠራው የመጋረጃ ሻተር ነው። አንደኛው መጋረጃ ፍሬሙን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ጉዞውን ሳይጨርስ ስለሚነሳ ፍሬሙ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው በሚንቀሳቀስ ክፍተት በኩል ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ መጋረጃው የሚያቋርጠው ቢበዛ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ6×7 ካሜራ (ፍሬሙ በሴንቲ ሜትር 6 በ7 ገደማ የሆነ) ግን 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። የትላልቆቹ ካሜራዎች ሲንክ ዝግተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሌንሱ ውስጥ የተገጠመው ሊፍ ሻተር ነው። ስስ የብረት ቅጠሎቹ ከመሃል ወደ ዳር ተከፍተው ተመልሰው ስለሚዘጉ በማንኛውም ፍጥነት ፍሬሙ በሙሉ ብርሃን የሚያገኝበት ቅጽበት አለ። በመሆኑም ፍላሹ በሁሉም ፍጥነት ይሠራል። ጉዳቱ እያንዳንዱ ሌንስ የራሱን ሻተር መያዝ ስላለበት ተጨማሪ ሌንሶች ውድ መሆናቸው፣ ከፍተኛው ፍጥነትም ብዙውን ጊዜ ከ1/500 ሰከንድ አለማለፉ ነው።

የትኛውን እንደያዙ ለማወቅ የሌንሱን ዙሪያ ይመልከቱ። በብዙዎቹ ሊፍ ሻተሮች የፍጥነት ቁጥሮቹ ሌንሱ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ብሮኒካ ኢቲአርኤስንና ማሚያ አርዜድ67ን በመሳሰሉት ግን የፍጥነት መምረጫው ካሜራው ላይ ሆኖ ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከኋላ ሲከፍቱት ከፊልሙ ፊት ለፊት የሚሮጡ ሁለት መጋረጃዎች አለመኖራቸውን ማየት ይኖርብዎታል።

ደረጃ 4፦ በዋጋ ደረጃዎ ያሉትን ካሜራዎች ያነጻጽሩ

ከሁሉ በዝቅተኛ ወጪ ፈጣን ሲንክ የሚገኘው ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራዎች ላይ ነው። ሉቢቴል 166 እስከ 1/250 ሰከንድ፣ ያሺካ ማት 124ጂ እና የኋለኞቹ የሮሊኮርድ ሞዴሎች ደግሞ እስከ 1/500 ሰከንድ ከፍላሽ ጋር ይሠራሉ። ሌንሳቸው አይቀየርም፤ የሚያዩበትና ፎቶ የሚያነሳው ሌንስ የተለያዩ ስለሆኑም በቅርብ ርቀት የሚያዩትና ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ይዛነፋል። ሌንስ መቀየር ለሚፈልግ ማሚያ ሲ220 እና ሲ330 ከዚሁ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው።

ባለ መስታወት ካሜራ (ፎቶ በሚያነሳው ሌንስ በኩል በመስታወት አማካይነት የሚያዩበት) ለሚፈልግና ፍላሹን ከቤት ውጭ ለሚጠቀም ጀማሪ ብሮኒካ ኢቲአርኤስን አስቀድማለሁ። 6×4.5 ፍሬም፣ በሌንሱ ውስጥ እስከ 1/500 ሰከንድ የሚሠራ ሻተርና የሚቀያየር የፊልም ጀርባ አለው። ካሬ ፍሬም የሚመርጥ ሰው ብሮኒካ ኤስኪው-ኤ የተባለውን ይመልከት። ሁለቱም በ6 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ሻተራቸው የሚሠራው በ1/500 ሰከንድ ብቻ ነው። ሃሰልብላድ 500ሲ/ኤምም በተመሳሳይ መንገድ እስከ 1/500 ሰከንድ ይሠራል፤ ሆኖም በአነስተኛ ዋጋ ከሚገኙት ስለማይመደብ እዚህ አላስገባውም።

ማሚያ አርቢ67 እስከ 1/400 ሰከንድ የሚሠራ ሊፍ ሻተር ያለው፣ ባትሪ የማይፈልግና ትልቅ 6×7 ፍሬም የሚሰጥ ካሜራ ነው። ከነሌንሱ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ትራይፖድ ላይ ለሚሠራ ሰው እንጂ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሚዞር ሰው አይመችም።

የመጋረጃ ሻተር ካላቸው መካከል ማሚያ 645 እና ፔንታክስ 645 በ1/60 ሰከንድ፣ ፔንታክስ 67፣ ኪየቭ 60 እና ኪየቭ 88 በ1/30 ሰከንድ፣ ፔንታኮን ሲክስ በ1/25 ሰከንድ ከፍላሽ ጋር ይሠራሉ። ለስቱዲዮ ብቻ ከሆነ ማሚያ 645 ለሚከፈልበት ገንዘብ ብዙ የሚሰጥ ካሜራ ነው። ለማሚያ 645 እና ለፔንታክስ 67 የራሳቸው ሊፍ ሻተር ያላቸው ጥቂት ሌንሶች ተሠርተዋል፤ ለፔንታክስ 67 ለምሳሌ 90 ሚሊ ሜትርና 165 ሚሊ ሜትር ይገኛሉ። በእነዚህ ሌንሶች ካሜራው ላይ ዝግተኛ ፍጥነት ተመርጦ ትክክለኛው ፍጥነት ሌንሱ ላይ ስለሚመረጥ አሠራሩ ዘገምተኛ ነው። አንዱን የፍላሽ ሥራ ለመፍታት ሌንሱን ከመግዛትዎ በፊት ዋጋውን ከአንድ ሙሉ ብሮኒካ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ።

የፊልም ወጪንም አይርሱ። አንድ ጥቅል 120 ፊልም በ6×4.5 እንደ ካሜራው 15 ወይም 16፣ በ6×6 12፣ በ6×7 10፣ በ6×9 8 ፎቶ ይሰጣል።

ደረጃ 5፦ ካሜራውን ያለ ፊልም ይፈትሹ

ካሜራውን እንደተረከቡ፣ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ፣ ይህን ፈተና ያድርጉ። ሻተር የሚሰማው ድምፅ ትክክል መሆኑ ፍላሹን በትክክለኛው ቅጽበት ማብራቱን አያረጋግጥም።

1. ሌንሱን ከኋላ በእጅ ባትሪ እያበሩ ሻጋታና ጉም መኖሩን ይመልከቱ። አርቢ67ን ወይም ሲ330ን የመሰለ በአኮርዲዮን ቅርጽ የሚዘረጋ እጥፋት ያለው ካሜራ ከሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ እጥፋቱን ዘርግተው ከውስጥ ያብሩ፤ በቀዳዳ የሚያመልጥ ብርሃን ካለ ፊልምዎን ያበላሻል።

2. ሊፍ ሻተር ከሆነ የካሜራውን ጀርባ ይክፈቱ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ያስፉ፣ ከፍተኛውን ፍጥነት ይምረጡ፤ ፍላሹን (አገናኙን በደረጃ 6 ይመልከቱ) ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው ካሜራውንም ወደዚያው ግድግዳ ያነጣጥሩ። ከኋላ እየተመለከቱ ሲያነሱ ሙሉ ብሩህ ክብ መታየት አለበት። ኮከብ የመሰለ ቅርጽ ካዩ ፍላሹ ቅጠሎቹ ተከፍተው ሳያልቁ ወይም መዘጋት ከጀመሩ በኋላ በርቷል። ምንም ካላዩ ፍላሹ ሻተሩ ዝግ ሳለ በርቷል ማለት ነው።

3. የመጋረጃ ሻተር ከሆነ ፍላሹንና ካሜራውን እንደዚሁ ወደ ግድግዳው አዙረው ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ትሬሲንግ ፔፐሩን ያስቀምጡ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክዎን ትራይፖድ ላይ አድርገው የካሜራውን ጀርባ በረጅም ኤክስፖዠር እያነሱ ሻተሩን ይልቀቁ፤ በዓይን የሚያመልጥዎትን ስልኩ ይይዝልዎታል። በሲንክ ፍጥነቱ ወረቀቱ በሙሉ መብራት አለበት። ከዚያ አንድ ደረጃ ፍጥነት ጨምረው ይድገሙት፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ጥቁር ጠርዝ ማየትዎ የሚጠበቅ ነው። በትክክለኛው ሲንክ ፍጥነት ላይም ጠርዙ ከታየ መጋረጃዎቹ ዘግይተዋል ወይም የፍላሹ ንክኪ ጊዜውን ስቷል፤ ካሜራውን ጥገና ሳይደረግለት አያስቀሩት።

4. 1 ሰከንድንና 1/2 ሰከንድን ይሞክሩ። ቅባታቸው የደረቀ ሻተሮች በመጀመሪያ የሚያነክሱት በዝግተኛ ፍጥነቶች ነው።

አንዳንድ ካሜራዎች ፊልም ካልገባባቸው ሻተሩን አይለቁም፤ የካሜራውን መመሪያ አይተው ቆጣሪውን ማለፊያ መንገዱን ይወቁ እንጂ በኃይል አይጫኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጋረጃ ሻተርን ጨርቅ ወይም ብረት በጣትም በወረቀትም አይንኩ። በኪየቭ 88 ሻተሩ ከመወጠሩ በፊት ፍጥነት አይቀይሩ፤ አሠራሩ ሊሰበር ይችላል። በያሺካ ማትና በሮሊኮርድ ደግሞ 1/500 ሰከንድን ሻተሩ ከመወጠሩ በፊት ይምረጡ፤ ለዚህ ፍጥነት ተጨማሪ ምንጭ ስለሚወጠር ከተወጠረ በኋላ ማዞር መሣሪያውን ያስጨንቀዋል።

ደረጃ 6፦ ፍላሹን በትክክለኛው ቦታ ያገናኙ

በብዙ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ኤክስ እና ኤም የሚሉ ምልክቶች ያሉት ማንሻ ወይም ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ኤክስ ለኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ነው፤ ሻተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ያበራል። ኤም ለአንድ ጊዜ ለሚቃጠል የፍላሽ አምፖል የተዘጋጀ ሲሆን፣ አምፖሉ ሙሉ ብርሃኑ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ለመስጠት ንክኪው ከሻተሩ ቀድሞ ይደረጋል። በኤም ላይ ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ከሰኩ ፍላሹ ሻተሩ ሳይከፈት በርቶ ይጠፋል፤ እርስዎ ሲበራ ስላዩት ሁሉም ደኅና ነው ብለው ያምናሉ፣ ፊልሙ ሲታጠብ ግን ባዶ ይሆናል። ፔንታክስ 67 ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ኤክስ የሚለውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ኤፍፒ የሚለው ለልዩ አምፖል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የቆዩ ፍላሾች በማገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይይዛሉ። በመካኒካል ካሜራ ላይ ንክኪውን ቀስ በቀስ ያቃጥላሉ፣ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ላይ ግን ካሜራውን ሊገድሉት ይችላሉ። ፍላሹን አብርተው እስኪሞላ ከጠበቁ በኋላ በማገናኛው መሃልና ዳር መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለኩ፤ ከፍተኛ ከሆነ በቀጥታ አያገናኙት። ፍላሹን ፈትተው ውስጡን ለመጠገንም አይሞክሩ፤ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ደረጃ 7፦ በአንድ ጥቅል ፊልም ያረጋግጡ

ነጭ ግድግዳን በደንብ በሚያዳርስ ፍላሽ እያበሩ አፐርቸሩንና የፍላሹን ኃይል ሳይቀይሩ ከዝግተኛው እስከ ፈጣኑ የሲንክ ፍጥነት ያንሱ፤ የእያንዳንዱን ፍሬም ፍጥነት ይመዝግቡ። ክፍሉ በደንብ ከጨለመ ፍሬሞቹ ሁሉ እኩል ጥቁረት ሊኖራቸው ይገባል። በ1/500 ሰከንድ ብቻ ኔጋቲቩ ከሳሳ ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንድ የስቱዲዮ ፍላሾች በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ብልጭታቸው ስለሚረዝም ሻተሩ ጅራቱን ይቆርጠዋል፤ የሬዲዮ ትሪገሩም ትንሽ ሊያዘገይ ይችላል። ትሪገሩን አውጥተው በገመድ ይድገሙት፤ ችግሩ ከጠፋ ትሪገሩ ነው፣ ካልጠፋ በ1/250 ሰከንድ ይሥሩ ወይም የፍላሹን ኃይል ይቀንሱ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ከዲጂታል ካሜራ የተለመደውን ከሲንክ ፍጥነት በላይ የሚሠራ የፍላሽ ስልት እዚህም ይሠራል ብሎ መጠበቅ። ስልቱ ካሜራውና ፍላሹ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲነጋገሩ የሚሠራ ስለሆነ እነዚህ ካሜራዎች አይደግፉትም።
- ኤም፣ ኤክስ እና ቪ ምልክት ባለው ማንሻ ላይ ቪን መሞከር። ቪ ራስን ማንሻ ሰዓት ሲሆን፣ በቆዩ ሻተሮች ላይ ሰዓቱ ተጣብቆ ሻተሩን ስለሚይዘው አይንኩት።
- በ1/30 ሰከንድ ፍላሹ ምስሉን ያስቆመዋል ብሎ ካሜራውን በእጅ መያዝ። የአካባቢው ብርሃን ጠንካራ ከሆነ የእጅዎም የመስታወቱም ንዝረት ፊልሙ ላይ ይታያል።
- የሲንክ ቁጥሩን ከከፍተኛው የሻተር ፍጥነት ጋር ማምታታት። ፔንታክስ 67 እስከ 1/1000 ሰከንድ ይሠራል፤ ከፍላሽ ጋር ግን 1/30 ሰከንድ ነው። ሻጭ አንድ ቁጥር ብቻ ሲነግርዎ የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ።
- በማሚያ አርቢ67 ሌንስ ላይ ያለውን ኤንና ኤም የሚል መዞሪያ የፍላሽ መምረጫ አድርጎ መውሰድ። ይህ መስታወቱን አስቀድሞ ለማንሳት የሚያገለግል ነው፤ ኤም ላይ ሆኖ የካሜራውን ቁልፍ ቢጫኑ መስታወቱ ይነሳል እንጂ ሻተሩ አይለቅም፣ ፍላሹም አይበራም። ወደ ኤን ይመልሱት፣ ወይም ሻተሩን ሌንሱ ላይ በተገጠመ የኬብል መልቀቂያ ይልቀቁ።